ለእንቁጣጣሽ የደረሰው አበባ፦ ሚኒሶታ ውስጥ ራሶቹን በፖት አስቀድመን ያበቀልንበት ዓመት

ነገሩ የጀመረው በአንድ የመረብ ከረጢት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ማርች ላይ፣ ውጭው ገና በረዶ ለብሶ ሳለ፣ እማዬን ይዤ ሴንት ፖል ውስጥ አንድ የቤትና የጓሮ ዕቃ መደብር ገባሁ። የፈለግነው የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነበር። እማዬ ግን እንደ ሽንኩርት ተተክለው የሚበቅሉ የአበባ ራሶች የተሰቀሉበት መደርደሪያ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ አልንቀሳቀስም አለች። ከረጢቱ ላይ ያለውን ሥዕል በጣቷ እየነካች "ይሄን እኮ አውቀዋለሁ፤ ገደሉ ላይ የሚያብበው ነው" አለችኝ። ነጭ አበባ ነው። ስድስት ሹል ሹል ቅጠል አለው፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ሊመስል የደረሰ ወይን ጠጅ ምልክት አለበት።

እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ አላውቀውም። እማዬ ግን የጎጃም ልጅ ናት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከብት ስትጠብቅ፣ ውኃ የሚንጠባጠብበት ቋጥኝ ሥር ታየው እንደነበር እየነገረችኝ ከረጢቱን ገለበጥኩት። "የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ" ይላል። ከታች ደግሞ ሆላንድ እንደተመረተ ተጽፏል።

እማዬ ልክ ነበረች። አበባው በሳይንስ ስሙ ግላዲዮለስ ሙሪኤሌ ይባላል። ብዙ አትክልተኛ ግን እስካሁን በድሮ ስሙ አሲዳንቴራ ይለዋል፣ እኔም እዚህ እንደዚያው እለዋለሁ። አገሩ ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ሞዛምቢክ ድረስ ነው። አሲዳንቴራ የሚለውን ስም ያወጣለት ሆክሽቴተር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ በ1844። ያ ዘመን ሌላው ጀርመናዊ ሺምፐር ኢትዮጵያ ውስጥ እየኖረ የአገራችንን ዕፅዋት እየሰበሰበና እያደረቀ ወደ አውሮፓ የሚልክበት ዘመን ነበር። ሺምፐር ዕድሜውን እዚያው ጨርሶ በ1878 አድዋ ላይ ነው የሞተው። እንግዲህ የእኛ ገደል አበባ በዚያ ሁሉ መንገድ ዞሮ ሆላንድ ገብቶ፣ ከሆላንድ ሚኒሶታ መጥቶ፣ እማዬ ፊት ተሰቅሎ አገኘችው። ሁለት ከረጢት ገዛን።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ቃል። እዚህ አገር "ባልብ" የሚሉትን ነገር እኔ "ራስ" እለዋለሁ፣ የሽንኩርት ራስ እንደምንለው። በሰመር የሚያብቡት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ እንደ ሽንኩርት ነው፣ አንዳንዱ እንደ ድንች፣ አንዳንዱ እንደ ዝንጅብል። ሁሉም ግን ምግባቸውን ከመሬት በታች አጠራቅመው የሚተኙ ናቸው። ለዚህ ጉዳይ ዋናው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት አልተሳካም። እንዴት እንዳልተሳካ በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ዓመት የተሠራው ከዚያ ነው።

ሜይ መጀመሪያ ላይ ሦስት ቀን ሞቀ። ጃኬት አወለቅን። እማዬ ጓሮውን ቆፈረች፣ ራሶቹን በመስመር ተከልናቸው፣ ውኃ አጠጣን። ሲመሽ ጎረቤታችን፣ ዕድሜ ልካቸውን እዚሁ የኖሩ አዛውንት፣ በአጥሩ ላይ አዩንና ገና ነው አሉን። እዚህ ሰዎች ለስላሳ ተክል የሚያወጡት የእናቶች ቀን ካለፈ በኋላ ነው፣ እሱ ደግሞ የሜይ ሁለተኛ እሑድ ነው። እኔ አየሩ ሞቋል ብዬ አልሰማኋቸውም። በሳምንቱ ዝናብ መጣ፣ ቀዝቃዛ ዝናብ፣ ለአሥር ቀን ያህል። ሜይ አለቀ፣ ምንም የለም። ጁን አጋማሽ ላይ አንድ ጥግ ስቆፍር ራሶቹ ለስልሰው፣ ሸተው፣ በጣቴ መሐል ፈረሱ። ከሞት የተረፉት ጁን መጨረሻ ላይ ብቅ አሉ። ቅጠላቸው አማረ፣ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ ወጣ። ግን አበባ የለም። ኦገስት አለፈ፣ እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስቀል ሲሆን እንቡጥ አየን። እማዬ በየማለዳው እየወጣች ታየው ነበር። ኦክቶበር በገባ በስድስተኛው ቀን ውርጭ መታው። እንቡጡ ሳይፈታ፣ በአንድ ሌሊት፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆኖ አደረ።

እማዬ ምንም አላለችም። ዝም ብላ ወደ ቤት ገባች። እኔን የነካኝ ያ ዝምታ ነው።

በዊንተሩ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። አሲዳንቴራ ለማበብ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ሙቀት ካገኘ በኋላ ሦስት ወር፣ ብዙ ጊዜ አራት ወር። አገሩ ላይ ችግር የለም። ክረምቱ ሲገባ ይነቃል፣ ዝናቡ ሊያልቅ ሲል ያብባል፣ በጋውን ደረቅ መሬት ውስጥ ይተኛል። ሚኒሶታ ግን ከመጨረሻው የጸደይ ውርጭ እስከ መጀመሪያው የመከር ውርጭ ያለው ጊዜ አምስት ወር ቢሆን ነው። አምስት ወር ይበቃል ትላላችሁ። አይበቃም፣ ምክንያቱም አየሩ በሞቀ ጊዜ አፈሩ አልሞቀም። የእኔ ስሕተት እዚህ ነበር። ሦስት ቀን ፀሐይ ፊቴን ሲያሞቀኝ መሬቱም የሞቀ መሰለኝ። ራሱ ግን ፀሐይዋን አያያትም፣ እሱ ያለው አሥር ሴንቲ ሜትር ከመሬት በታች ነው። አፈሩ ወደ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ አይነቃም። ካልነቃ ደግሞ ውኃውን አይጠጣም፣ ውኃው ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል።

ስለዚህ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቆጠርኩ። እማዬ የምትፈልገው ለእንቁጣጣሽ ነው፣ ሴፕቴምበር 11። አራት ወር ወደ ኋላ ሲቆጠር ሜይ 11 ላይ ይደርሳል። በዚያ ቀን ራሱ ነቅቶ፣ ሥር አውጥቶ መሆን አለበት ማለት ነው፣ መሬቱ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ያለው መንገድ አንድ ነው። ሞቃት አፈር ቤት ውስጥ ፈጥረን፣ ፖት ውስጥ አስነሥተን፣ መሬቱ ሲደርስ ማውጣት።

ይሄን ለእማዬ ሳስረዳት በግማሽ መንገድ አቋረጠችኝ። "እንዴ፣ እንደ በርበሬ ችግኝ ነዋ!" አለች። ልክ ነው። በርበሬ ዘሩ መደብ ላይ ይፈላል፣ ይጠበቃል፣ ዝናቡ ሲይዝ ወደ ማሳው ይዛወራል። እኛ አገር ዝናብ ነው የሚጠበቀው፣ እዚህ ሙቀት። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ እንዲያውም የዓመቱን ግማሽ ሥራ እሷ ናት የመራችው።

በሁለተኛው ዓመት 60 ራስ ገዛን፣ ሁሉንም ግን በአንድ ቀን አልተከልንም። በከፊል ሆን ብዬ ነው፣ የትኛው እንደሚሻል ለማየት። በከፊል ደግሞ እማዬ መታገስ ስላቃታት ነው።

ማርች 12 ላይ፣ ገና ከረጢቱ እንደተገዛ፣ እማዬ 12 ራስ ወስዳ በእርጎ ዕቃ ውስጥ ተክላ የማድ ቤት መስኮት ላይ ደረደረቻቸው። ሥራ ቦታ ነበርኩ፣ ስመለስ አልቋል። ደስ ብሏት ስለነበር ምንም አላልኩም። ግን ሁለት ነገር ተበላሽቷል። የእርጎ ዕቃዎቹ ከታች አልተበሱም፣ እና እማዬ በየጠዋቱ ጸሎቷን ስትጨርስ ውኃ ታጠጣቸዋለች። ይሄን ያወቅኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ምንም አልበቀለም። አንዱን ዕቃ ገለበጥኩት፣ ጭቃ ነው። ከ12ቱ ሰባቱ በስብሰዋል።

እማዬ አዘነች፣ እንደ መቆጣትም አለች። "ውኃ ካልጠጣ በምን ይበቅላል?" አለችኝ። መልሱን የሰጠን ማድ ቤቱ ራሱ ነው። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን የሽንኩርት ቅርጫት ጎተትኩና አንዱን አወጣሁ፣ አረንጓዴ ጫፍ አውጥቷል። አፈር የለውም፣ ውኃ ያጠጣው የለም። "ይሄ በምን በቀለ?" አልኳት። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ "ስንቁን ተሸክሞ ነው ለካ" አለች።

ከዚህ የተሻለ አባባል ከየትም አላገኘሁም። ራስ ስንቁን ተሸክሞ የመጣ መንገደኛ ነው። ለመነሣት የሚፈልገው ሙቀት ነው። ሥር ሳያወጣ የሚጠጣበት አፍ የለውም፣ በዚያን ጊዜ የምናፈስለት ውኃ ለሻጋታ ነው የሚሆነው። ሥር ካወጣና ቅጠል ከዘረጋ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ያኔ ውኃ ይወዳል፣ የክረምት ልጅ ነውና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እነዚህን ሁለት ጊዜዎች አንድ አድርጎ ነው። ሲተኛ ያጠጣዋል፣ ጁላይ ላይ ሲያድግ ይረሳዋል።

ዋናውን ሥራ የጀመርነው ኤፕሪል 15 ነው። እማዬ በራሷ ደብተር "ሚያዝያ 7" ብላ ጽፋዋለች። ሁለታችንም ደብተር ይዘን ነበር፣ እኔ በፈረንጅ፣ እሷ በእኛ። አንዳንድ ቀን ስንስማማ አንድ ሰዓት ይፈጅብን ነበር።

30 ራስ መረጥን። መምረጥ ያስፈልጋል፣ ከረጢት ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል አይደለም። ጠንካራውን ያዝን፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጎደውን፣ ሻጋታ የያዘውን፣ ባዶ ቅርፊት የሆነውን ተውን። አሲዳንቴራ ትንሽ ነው፣ ከነጭ ሽንኩርት ፍንካች ብዙም አይበልጥም፣ መረብ የመሰለ ቡናማ ልብስ አለው። ሹል ጫፉ ወደ ላይ፣ የድሮ ሥሩ ጠባሳ ያለበት ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ታች። ብትሳሳቱም ጉድ አይፈላም፣ ዞሮ ይወጣል፣ ግን ጉልበቱን ያባክናል።

ፖቶቹ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የፕላስቲክ ናቸው። ስድስት ፖት፣ በእያንዳንዱ አምስት ራስ። ከታች ቀዳዳቸውን አንድ በአንድ አየሁ። የጓሮ አፈር አልተጠቀምንም። የእኛ ጓሮ ሸክላ ነው፣ ፖት ውስጥ ሲገባ ጡብ ይሆናል። የተገዛ የችግኝ አፈር ነው የሞላነው፣ ፒት የሚባል የረግረግ አፈርና ፐርላይት የሚባል ቀላል ነጭ ጠጠር ያለበት፣ ቀላልና ውኃ የሚያሳልፍ። አፈሩን ፖት ውስጥ ከመጨመራችን በፊት በሳፋ አድርገን አረጠብነው፣ እማዬ እንደ በሶ አሸችው። ሲጨበጥ ተያይዞ የሚቆም፣ ሲጨመቅ ግን ውኃ የማያንጠባጥብ። ራሶቹን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀበርናቸው። ከዚያ በላይ ውኃ አልጨመርንም። ለእማዬ ከባዱ ይሄ ነበር። ማጠጫውን ደብቄባታለሁ።

የት እናስቀምጣቸው? ብርሃን አያስፈልጋቸውም፣ ጫፍ እስኪያወጡ። ሙቀት ነው የሚያስፈልጋቸው፣ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ፣ ቀንና ሌሊት የማይለዋወጥ። መስኮት ለዚህ መጥፎ ነው፣ ኤፕሪል ላይ ሌሊት መስታወቱ ይቀዘቅዛል። ሦስቱን ፖት ፍሪጅ አናት ላይ አደረግን፣ ሦስቱን ቤዝመንት ውስጥ ውኃ ማሞቂያው አጠገብ። በ11ኛው ቀን ፍሪጅ አናት ላይ ካሉት አንዱ ጫፍ አወጣ፣ ነጭ፣ እንደ መርፌ። እማዬ እልል አለች፣ እውነቴን ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ30ው 28ቱ ወጥተዋል።

ጫፍ እንደወጣ ያን ቀን ወደ ብርሃን ነው የሚዛወሩት። ቤዝመንት ውስጥ ሁለት ረጃጅም የኤልኢዲ መብራት ሰቅዬ ነበር፣ በቀን 14 ሰዓት፣ ከቅጠሉ ጫፍ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። መብራቱን ከቅጠሉ እኩል እያነሣን ሄድን። ውኃ አሁን ተፈቀደ። የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል ብቻ ግን።

እዚህ ላይ ከማርቹ ስለተረፉት አምስቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያላሰብኩትን ነገር ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ዕቃቸውን በስተን አፈራቸውን ቀየርን፣ ሁሉም በቀሉ። ሜይ ሲገባ ቅጠላቸው ከግማሽ ሜትር አልፎ፣ ቀጥኖ፣ ተጎንብሶ፣ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ነበር። ሲዛወሩ ሁለቱ ከአንገታቸው ተሰበሩ። የቀሩት ሦስቱ አበቡ፣ መቼ? ኦገስት 15። ዋናዎቹ ደግሞ ኦገስት 24 ላይ ነው ማበብ የጀመሩት። አንድ ወር ቀድመው ተነሥተው ያገኙት ትርፍ ዘጠኝ ቀን ነው። በመስኮት ብርሃን ያሳለፉት ወር ዕድገት ይመስላል እንጂ ለአበባው ብዙም አልጠቀመው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ መቸኮል ተክሉን ማድከም ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ሥራ። ማላመድ። ቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል ነፋስ አያውቅም፣ እውነተኛ ፀሐይም አያውቅም። በአንድ ጊዜ ካወጣችሁት ይነጣል፣ ጫፉ እንደ ወረቀት ይደርቃል። ከሜይ 13 ጀምረን በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት፣ ጥላ ውስጥ፣ በቤቱ ጎን። በማግስቱ ሁለት ሰዓት። እንዲህ እያልን አሥር ቀን። የሚኒሶታ ሜይ ሰው ያታልላል፣ ዛሬ 27 ዲግሪ ነው፣ ነገ ሌሊት 4 ይሆናል። ከ10 በታች የሚወርድ ከሆነ ወደ ቤት እናስገባ ነበር። እማዬ ይሄን ሥራ ለማንም አልሰጠችም። ፖቶቹን በትልቅ የእንጀራ ትሪ ላይ አድርጋ ስታወጣና ስታስገባ "ልጆቼን ፀሐይ ላሙቅ" ትል ነበር። ሽኮኮዎች ግን ሰላም አልሰጡንም። በሦስተኛው ቀን አንዱን ፖት ሲምሱ ደረስኩ፣ ከዚያ በኋላ የሽቦ መረብ ከላይ አለበስነው።

መሬቱን በቴርሞሜትር ነው ያየሁት። ሥጋ ሲጠበስ የሚሰኩት ዓይነት፣ ያው ይሠራል። ጠዋት ጠዋት አሥር ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሰክቼ እጽፋለሁ። ሜይ 10 ላይ 9 ዲግሪ ነበር። ባለፈው ዓመት በዚህ ቀን ከተከልን ሳምንት አልፎናል! ሜይ 24 ላይ 16 ደረሰ። በዚያው ቀን አወጣናቸው፣ እዚያው አጠገባቸው ደግሞ የቀሩትን 18 ራሶች ሳይበቅሉ በቀጥታ መሬት ውስጥ ተከልናቸው፣ ለማወዳደር። ቦታው በቤቱ ደቡብ ግድግዳ ሥር ነው፣ ፀሐይ ከረፋድ እስከ ማታ የሚያገኝ። ግድግዳው ሌሊት ሙቀት ይመልሳል።

አንድ ስሕተት እዚህ ሠራሁ። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ አስጠንቅቃኝ ነበር። አምስት ራስ ከአንድ ፖት ሲወጣ ሥራቸው ተጠላልፎ አንድ ድፍን ሆኖ ነው የሚወጣው። አራርቄ በመስመር ልትከላቸው ብዬ የአንዱን ፖት በጣቴ ፈታሁት፣ ሥሩ ተበጣጠሰ፣ አንዳንዱ እንደ ክር ተሰማኝ። እማዬ "ከነአፈሩ ነው እንጂ!" ብላ ጮኸች፣ የቀሩትን አምስት ፖቶች እሷው ገልብጣ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ሙሉውን በመዳፏ ተቀብላ፣ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ጉድጓዱን ጠለቅ አድርገን ነበር የቆፈርነው፣ ራሱ ከመሬት በታች 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን። ፖት ውስጥ 5 ብቻ ነበረ፣ መሬት ላይ ግን ጥልቀት ከሌለው ነፋስ ይጥለዋል። የተፈቱት አምስቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ አዲስ ቅጠል አላወጡም። ከእነሱ ያበቡት ሁለት ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። በሣር ጉዝጓዝ አለበስነው። ጁላይና ኦገስት ላይ በሳምንት ሁለቴ ጠለቅ አድርገን አጠጣን፣ በተለይ እንቡጥ ሊያወጣ ሲል ውኃ ከተቋረጠበት እንቡጡን ይጥለዋል። ማዳበሪያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ናይትሮጅን ያልበዛበት። ናይትሮጅን ቅጠል ነው የሚያበዛው፣ የመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ይበቃናል።

ኦገስት 24 ማታ። የእማዬ ደብተር "ነሐሴ 18" ይላል። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፣ ምንም ሳትናገር እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። አንዱ ተፈትቷል። አንገቱን ደፍቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ መሐሉ ጠቁሮ። እስኪመሽ ጠብቂ አለችኝ። ጨለም ሲል ሽታው መጣ። ቀን ብዙም አይሸትም፣ ማታ ነው። የአበባው ቧንቧ ከአንድ ጣት ይረዝማል፣ ማሩ ታች ነው ያለው፣ የሚደርሱበት ረጅም ምላስ ያላቸው ትልልቅ የእሳት እራቶች ናቸው። እነሱን የሚጠራው በሌሊት ነው፣ ለዚያ ነው ነጭ የሆነው፣ ለዚያ ነው ማታ የሚሸተው። እማዬ ልጅ ሆና ከብት ስታስገባ፣ ሲመሽ፣ ከቋጥኙ በኩል የሚመጣ ሽታ እንደነበረ ትዝ አላት። ለስንት ዓመት ከምን እንደሚመጣ አታውቅም ነበር።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። በፖት ካስጀመርናቸው 30ዎቹ 28 በቀሉ፣ 23 አበቡ። እንቁጣጣሽ ዕለት 17ቱ ተፈትተው ነበር። በቀጥታ መሬት ከተተከሉት 18ቱ 16 በቀሉ፣ ሞቃት መሬት ውስጥ ስለገቡ መበስበሱ ቀረ። የመጀመሪያው ያበበው ግን ሴፕቴምበር 22 ነው፣ መስቀል ሊገባ ሲል። ዘጠኙ አበቡ። ሰባቱ እንቡጥ እንዳሉ ኦክቶበር 8 ላይ ውርጭ ደረሰባቸው። እንግዲህ ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ መሬት ውስጥ በቀጥታ መትከል ተክሉን ያድነዋል፣ አበባውን ግን ግማሹን ብቻ ነው ያዳነልን። ከሁለቱ ቡድኖች መሐል ያለው ልዩነት አንድ ወር ገደማ ነው፣ ያ ወር ደግሞ እዚህ አገር ሁሉ ነገር ነው።

በተመሳሳይ ጊዜ ዳሊያ የሚባለውን ሌላ የሰመር አበባም አራት ራስ በፖት አስጀምረን ነበር። ስለነሱ ጥቂት ብቻ። ዳሊያ እንደ ስኳር ድንች ያለ ነው፣ ግን ከድንቹ አካል አይበቅልም፣ ከግንዱ ጋር ከሚያያዘው አንገት ላይ ካለው ዓይን ነው የሚበቅለው። አንገቱ የተሰበረ ከሆነ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን አይሆንም። ውኃው ላይ ያለው ሕግ ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቀጠፍነው፣ ጎን ጎኑን አወጣ፣ ጁላይ ላይ አበበ። ዳሊያ በቀጥታ መሬት ቢተከልም ዘግይቶ ያብባል እንጂ ጨርሶ አይከለክላችሁም። አሲዳንቴራ ግን እንዲህ ዓይነት ምሕረት የለውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቦታ ያነሰው ሰው ፖቱን ለአሲዳንቴራ ይስጥ።

የሚቀጥለው ዓመት የምቀይረው አለ። አምስት ራስ በ15 ሴንቲ ሜትር ፖት ከማድረግ ሰባት ራስ በትልቅ ፖት አድርጌ፣ ከፊሉን መሬት ሳላስገባ እዚያው ትልቁ ፖት ውስጥ እስከ መጨረሻው ልተወው ነው። ውርጭ የሚያሰጋበት ሌሊት ፖት ወደ ጋራዥ ይገባል፣ መሬት ግን አይገባም። ቤዝመንት ከነበሩት ይልቅ ፍሪጅ አናት ላይ የነበሩት በስድስት ቀን ቀድመው ስለወጡ፣ ለሁሉም ከሥር የሚነጠፍ የችግኝ ማሞቂያ እገዛለሁ። አፓርታማ የምትኖሩ ደግሞ ጓሮ የለንም ብላችሁ አትተዉት። ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ካላችሁ ፖቱ ራሱ ጓሮ ነው።

እንቁጣጣሽ ጠዋት እማዬ ሁለት ዘንግ ቆርጣ በብርጭቆ አድርጋ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠች። አደይ አበባ እዚህ የለንም፣ ቢጫውን የተካው የሱፍ አበባ ነበር። ቡና ከመጡት ጎረቤቶቻችን አንዷ ጎንደር ያደገች ናት፣ ቁጭ እንዳለች አበባውን አየችና "ይሄ እኮ የእኛ አገር ነው" አለች። እማዬ ከመደብሩ ከረጢት ጀምራ እስከ ሽንኩርቱ ቅርጫት ድረስ ታሪኩን ሙሉ ነገረቻት። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ገና ማላመዱ ላይ ነበረች።

ውርጩ ቅጠሉን ከመታው በኋላ፣ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ፣ ሁሉንም ቆፍረን አወጣን። የሚኒሶታ መሬት በዊንተር ራሶቹን ይገድላቸዋል፣ እስከ ታች ነው የሚቀዘቅዘው። ቅጠሉን ቆርጠን፣ አፈሩን አራግፈን፣ ቤዝመንት ውስጥ በጋዜጣ ላይ ሁለት ሳምንት አደረቅነው። አሮጌው ራስ ደርቆ ከሥር ተላቀቀ፣ ከላዩ አዲስ ራስ ሠርቷል፣ በዙሪያው ደግሞ እንደ ሽምብራ የሚያካክሉ ጨቅላዎች። ትልልቆቹን በወረቀት ከረጢት አድርገን ቁምሳጥን ውስጥ፣ በቤቱ ሙቀት፣ ደረቅ ቦታ አኖርናቸው። እማዬ ጨቅላዎቹን አልጥልም አለች። በሻይ ቆርቆሮ አድርጋ አልጋዋ ሥር አስቀምጣቸዋለች፣ ላዩ ላይ በስክሪብቶ "ሚያዝያ 7" ብላ ጽፋበታለች።